ከቆዳ በታች ያለው ሥራ

ቀኝ ክንድዎን ዘርግተው መዳፍዎን ወደ ላይ ያድርጉ። ከክርንዎ ዝቅ ብለው በግራ እጅዎ ይያዙትና መዳፉን ቀስ ብለው ይገልብጡት። ከቆዳው ሥር ጡንቻው ሲዞር ይሰማዎታል። አይታይዎትም እንጂ ጎን ለጎን ከነበሩት ሁለት አጥንቶች አንዱ በሌላው ላይ እየተሻገረ ነው። ይህቺ ቀላል እንቅስቃሴ የኮምፒውተር አኒሜሽን ባለሙያዎችን ለዓመታት ፈትናለች።

እ.ኤ.አ. በ1972 ኤድ ካትሙልና ፍሬድ ፓርክ በዩታ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር የሚንቀሳቀስ እጅ ሠሩ። ጣቶቹ ይታጠፋሉ፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ካሜራው ራሱ እጁ ውስጥ ገብቶ ባዶነቱን ያሳያል።

ኋላ የተለመደው ዘዴ ቆዳውን ከጥቂት አጥንቶች ጋር ማሰር ሆነ። እያንዳንዱ የቆዳ ነጥብ በአቅራቢያው ያሉትን አጥንቶች በየድርሻው ይከተላል። ስሌቱ ፈጣን ነው፤ ጉድለቱ ግን መገጣጠሚያ ላይ ይጋለጣል። ክርን ሲታጠፍ ሥጋው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ መዳፍ ሲገለበጥ ክንዱ እንደሚጨመቅ እርጥብ ልብስ ተጠማዞ ይቀጥናል።

መፍትሔው ገላውን ከውስጥ ወደ ውጭ መገንባት ነው። መጀመሪያ አጥንቱ ይቀረጻል። ጡንቻው በጅማቱ በትክክለኛ ቦታው ይታሰራል፤ ሲኮማተር ይዘቱ ስለማይቀንስ ያብጣል። ስቡ ይረግባል፤ ቆዳው ከላይ ይንሸራተታል። ኮምፒውተሩ ሥጋውን በሺህ ወደሚቆጠሩ ጥቃቅን ቁርጥራጮች ከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ ምን ያህል እንደተሳበና እንደተጨመቀ ያሰላል። የተለመደ ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ስላለው ስሌቱ ለእያንዳንዱ ምስል ይደገማል።

ለዚህ የሰውን ውስጥ ማወቅ ግድ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1994 የአንድ ሟች አካል በ1 ሚሊሜትር ልዩነት እየተቆረጠ የተነሱትን ፎቶግራፎች ለተመራማሪዎች ክፍት አድርጓል። ለፊልም ደግሞ የኒውዚላንዱ የፊልም ምስል ቅንብር ድርጅት ዌታ ዲጂታል በዚህ መንገድ የሚሠራ «ቲሹ» የተባለ ሥርዓት ሠራ፤ ፈጣሪዎቹም እ.ኤ.አ. በ2013 ከኦስካር አካዳሚ የቴክኒክ ሽልማት ተቀበሉ።

ጌም ግን ምስሉን እዚያው በጨዋታው መሐል ማስላት ስላለበት፣ እስከ ዛሬ በአብዛኛው በቀድሞው ዘዴ ላይ ማረሚያ እየጨመረ ይሠራል። ልዩነቱን ለማየት የገጸ ባሕርዩን ፊት አይመልከቱ፤ ሲታጠፍ ክርኑን ይዩት።