ሶፍትዌሩ «ዜሮ» ሲል፦ ስለ ልጅ እንክብካቤ የታክስ ክሬዲት ተረትና እውነታ

አሜሪካ ውስጥ ለመሥራት ሲሉ ልጃቸውን ለዴይኬር ወይም ለሞግዚት የሚሰጡ ወላጆች ከከፈሉት የተወሰነው ከታክሳቸው ይቀነስላቸዋል። ስሌቱ በፎርም 2441 ይሠራል። የሚታሰበው ወጪ ለአንድ ልጅ እስከ 3,000፣ ለሁለትና ከዚያ በላይ እስከ 6,000 ዶላር ነው። እ.ኤ.አ. ለ2025 ክሬዲቱ እንደ ገቢው መጠን ከዚህ ወጪ ከ20 እስከ 35 በመቶ ይደርሳል። ዓመቱን ሙሉ ከፍለው የታክስ መሙያው ሶፍትዌር ዜሮ ሲላቸው ግን ብዙዎች ግራ ይጋባሉ።

ተረት፦ ሶፍትዌሩ ዜሮ ካለ አይገባኝም ማለት ነው።

እውነታ፦ አንድ ያልተመለሰ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ሕጉ ባልና ሚስት ሁለቱም የሥራ ገቢ እንዲኖራቸው ይጠይቃል፤ ወጪውም ከሁለቱ ዝቅተኛ ገቢ ሊበልጥ አይችልም። ሚስት የሙሉ ጊዜ ተማሪ ከሆነች ግን ቢያንስ አምስት ወር እስከተማረች ድረስ በተማረችበት ወር ሁሉ 250 ዶላር (ልጆቹ ሁለት ከሆኑ 500) እንዳገኘች ይቆጠርላታል። አንድ ልጅ ኖሯት ዘጠኝ ወር ከተማረች 2,250 ዶላር ይሆናል፤ በ20 በመቶ ሲሰላ 450 ዶላር ነው። «ተማሪ» የሚለው ካልተመረጠ ሶፍትዌሩ ገቢዋን ዜሮ አድርጎ ክሬዲቱን ያስቀረዋል።

ተረት፦ ሁሉን በትክክል ከሞላሁ ዜሮው የሶፍትዌር ስህተት ነው።

እውነታ፦ አሠሪዎ በሚሰጥዎት የደመወዝ መግለጫ (ዳብልዩ-2) ላይ ሣጥን 10ን ይመልከቱ። በአሠሪ በኩል ታክስ ሳይቆረጥበት ለልጅ እንክብካቤ የተቀመጠው ገንዘብ እዚያ ይጻፋል፤ ከሚታሰበው ወጪም ይቀነሳል። 5,000 ዶላር ካስቀመጡ ለአንድ ልጅ ምንም አይተርፍም። ለሁለት ልጆች 1,000 ዶላር ይቀራል፤ የዚህ 20 በመቶ 200 ዶላር ነው። ከዚህም ሌላ ይህ ክሬዲት ያለብዎትን ታክስ ይቀንሳል እንጂ ተመላሽ አይሰጥም፤ የሚከፈል ታክስ ከሌለ ዜሮ መውጣቱ ትክክል ነው።

ተረት፦ ልጁ 13 ዓመት ከሞላው የዚያ ዓመት ወጪ ሁሉ ቀረ።

እውነታ፦ ከልደቱ በፊት ለነበረው ጊዜ የተከፈለው ይታሰባል። የሚያስገቡት ግን የዚያን ጊዜ ወጪ ብቻ ነው።

ተረት፦ ለአያት የተከፈለ አይቆጠርም።

እውነታ፦ አያቲቱ በእርስዎ ታክስ ላይ ጥገኛ ሆነው መመዝገብ የማይችሉ ከሆነ ይቆጠራል። እሳቸውም የተቀበሉትን ገቢ ብለው ማስታወቅ አለባቸው። የማይቆጠረው ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጁ ወላጅ ወይም ከ19 ዓመት በታች ለሆነ የራስዎ ልጅ የተከፈለ ነው። ጠባቂው ማንም ይሁን ስሙን፣ አድራሻውንና የታክስ ቁጥሩን ሶፍትዌሩ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ክፍያ ሲጀምሩ ይቀበሉት።

ተረት፦ ስህተቱ የሶፍትዌሩ ነው ብል ከቅጣት እድናለሁ።

እውነታ፦ የአሜሪካ የታክስ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 ይህን መከራከሪያ አልተቀበለም፤ ሶፍትዌር ከገባለት መረጃ የተሻለ ውጤት አያወጣም ብሏል። ያልዘሩት አይበቅልም እንደሚባለው ነው። የቀረብዎት ክሬዲት ካለ ግን የታክስ ፎርሙን ባስገቡ በሦስት ዓመት ውስጥ በማስተካከያው ፎርም 1040-ኤክስ ማስተካከል ይቻላል።

ከመላክዎ በፊት ፎርም 2441ን ከፍተው ከ3ኛ እስከ 5ኛ ያሉትን መስመሮች ያስተያዩ፦ ወጪው፣ የእርስዎ ገቢ፣ የትዳር ጓደኛዎ ገቢ። 6ኛው መስመር የሚወስደው ከሦስቱ ትንሹን ነው። ከሦስቱ አንዱ ዜሮ ከሆነ ያንን ቁጥር ያመጣውን ጥያቄ ተመልሰው ያንብቡ።