አዲሱ ዕትም ሲመጣ አሮጌው የት ይሂድ?



አንድ መምህር የትምህርት ዕቅዱን ሲያዘጋጅ «ገጽ 42፣ ጥያቄ 3» ብሎ ጻፈ እንበል። በማግሥቱ አዲስ የመጽሐፍ ዕትም መጣና አሮጌው ከክፍሉ ተሰብስቦ ሄደ። መምህሩ ገጽ 42ን ሲገልጥ ያገኘው ስለ ወንዞች ሳይሆን ስለ ማዕድን ነው። አዲሱ መጽሐፍ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም ታርሞ የመጣ ነው። የተበላሸው በአሮጌው ላይ ተመሥርቶ የተሠራው ዕቅድ ነው። እኛም በኮምፒዩተር ክፍል የደረሰብን ይኸው ስለሆነ፣ በሌላው ላይ እንዳይደገም ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት ብዕር አነሣን።

ጉዳዩ ኦፕን ቲቲዲ የሚባለውን የትራንስፖርት ጨዋታ ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ1994 ክሪስ ሶየር የሠራው ትራንስፖርት ታይኩን የሚባል ጨዋታ ወጣ። በእርሱ አምሳያ ሉድቪግ ስትሪጌዎስ በ2004 ኦፕን ቲቲዲን አወጣ። ከዚያ ወዲህ በበጎ ፈቃደኞች እየተሻሻለ በነጻ ይታደላል። ተጫዋቹ ሐዲድ ይዘረጋል፣ ባቡርና አውቶቡስ ይገዛል፣ የድንጋይ ከሰሉን ከማውጫው ወደ ኃይል ማመንጫው፣ መንገደኛውን ከከተማ ወደ ከተማ ያመላልሳል። ለጂኦግራፊ ትምህርት ጥሩ ማሳያ ይሆናል ብለን እኛ አራት ሠልጣኞች ለማስተማር ልምምዳችን አንድ ካርታ እያዘጋጀን ነበር።

ጨዋታው ብቻውን ሲሆን የባቡሩና የፋብሪካው ዓይነት ውስን ነው። ስለዚህ ሌሎች ሰዎች የሚሠሯቸው ተጨማሪ ፋይሎች አሉ፤ ኒውጂአርኤፍ ይባላሉ። አንዱ የአንድ አገር ባቡሮችን፣ አንዱ አዳዲስ ፋብሪካዎችን፣ ሌላው ጣቢያዎችንና ቤቶችን ያመጣል። ከ2009 ጀምሮ እነዚህን ከጨዋታው ሳይወጡ ከኢንተርኔት ማውረድ ይቻላል። ሠሪዎቹ ስሕተት ባረሙና አዲስ ነገር በጨመሩ ቁጥር አዲስ ዕትም፣ በተለምዶ ቨርዥን የምንለው፣ ይወጣል። እንዲህ እየሆነ የአንዱ ተጨማሪ ሁለትና ሦስት ዕትም በፎልደሩ ውስጥ ይከማቻል።

ታዲያ ምን አጠፋን? አንድ ቀን ዲስኩ ሞላብን። ከመካከላችን አንዱ «ኧረ አዲሱ እያለ አሮጌው ምን ይሠራል?» አለና አሮጌዎቹን ሁሉ ጠራርጎ አጠፋቸው። እውነቱን ለመናገር እኛም አመስግነነዋል። በኋላ ካርታችንን ስንከፍት ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ፤ ሳናነበው አለፍነው። ብናይ፣ አንዳንዱ ባቡር ዓይነቱ የማይታወቅ ሆኗል፤ ሌላው እኛ ያልገዛነውን ባቡር መስሏል። ይባስ ብለን በዚያው ስም ላይ ሴቭ አደረግነው። በቃ! የሦስት ሳምንት ልፋት ውኃ በላው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ጨዋታውን ሴቭ ስናደርግ ተጨማሪው ፋይል ራሱ አብሮ አይቀመጥም፤ የሚቀመጠው አድራሻው ነው። ይኸውም በዋናነት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የተጨማሪው መለያ ቁጥር፤ ይህ ዕትሙ ቢቀያየርም እንደ ቤተሰብ ስም አንድ ሆኖ ይቆያል። ሁለተኛ፣ ኤምዲ5 የሚባለው 32 ምልክት ያለው አሻራ፤ ይህ ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ በመሆኑ በፋይሉ ውስጥ አንዲት ፊደል ብትለወጥ እንኳ ይለወጣል። ሦስተኛ፣ ተጫዋቹ ለዚያ ተጨማሪ የመረጠው ማስተካከያ።

ካርታው እንደገና ሲከፈት ጨዋታው መለያ ቁጥሩም አሻራውም የሚገጥመውን ፋይል ይፈልጋል። ካገኘ ምንም ችግር የለም። ካጣ፣ ያው መለያ ያለውንና ይስማማል የተባለውን ሌላ ዕትም ተክቶ ያስጠነቅቃል። እርሱም ከሌለ ፋይሉ ጎድሏል ይላል። ሠሪው አዲሱ ዕትም እስከ የትኛው አሮጌ ዕትም ድረስ እንደሚስማማ በፋይሉ ውስጥ ሊያስታውቅ ይችላል፤ ሁሉም ግን በጥንቃቄ አያደርገውም። ካርታው የሚያስታውሰው የባቡሩን ሥዕል ሳይሆን ቁጥሩን ነው። በአዲሱ ዕትም ያ ቁጥር ለሌላ ባቡር ከተሰጠ፣ እንደ መምህሩ ገጽ 42 ሌላ ነገር ይወጣል ማለት ነው። በኔትወርክ አብረው ለሚጫወቱ ደግሞ ሕጉ ይጠብቃል፤ አሻራው ከዋናው ኮምፒዩተር ጋር አንድ ካልሆነ መግባት አይቻልም።

እንግዲህ ከዚህ የተማርነውን በአጭሩ እናስቀምጥ፦

1. አዲስ ካርታ በአዲሱ ዕትም ይጀመር፤ የተጀመረ ካርታ ግን በጀመረበት ዕትም ይጨረስ።

2. በጨዋታው ዝርዝር ላይ በተለመደው አሠራር የሚታየው የመጨረሻው ዕትም ብቻ ነው። አሮጌው አልታየም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። ሁለቱ በአንድ ፎልደር ሳይጣሉ ይኖራሉ።

3. ከማጥፋት በፊት «ይህን ዕትም የሚጠቀም ካርታ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ። በደብተር ላይ የካርታው ስም፣ የተጨማሪው ስምና የዕትሙ ቁጥር በሦስት ዓምድ ቢጻፍ መልሱ ወዲያው ይገኛል። የትኛውም ካርታ የማይፈልገው ዕትም ያን ጊዜ ያለ ሥጋት ይጥፋ።

4. ዕትም ከመቀየር በፊት ካርታውን በሌላ ስም ሴቭ ማድረግ፣ በፍላሽም አንድ ቅጂ መያዝ።

5. ፋይል ጎደለ ከተባለ አለመደንገጥ። ጨዋታው ራሱ የጎደለውን ከኢንተርኔት የሚፈልግበት ቁልፍ አለው። በጨዋታው ማውረጃ በኩል የታተሙ አሮጌ ዕትሞች ከዝርዝሩ ቢወጡም በዚህ መንገድ ይገኛሉ። ከሌላ ቦታ በእጅ የመጣ ፋይል ግን እዚያ ላይኖር ስለሚችል፣ ጠባቂው ባለቤቱ ነው።

እኛን ያዳነን አንዲት እኅታችን በፍላሿ ይዛው የቆየችው የቀድሞ ቅጂ ነው። ካርታውም ከነአሮጌ ተጨማሪዎቹ ተገልብጦ ነበርና ሁሉም በቦታው ተገኘ። የኋለኞቹን ሦስት መስመሮች ግን አጣን። ልምምዱንም በትንሹ ካርታ አስተማርንበት። ፋይሎቹን ያጠፋው ጓደኛችንም ዛሬ ደብተሩን የሚይዘው እርሱ ነው፤ ካለ እርሱ ፈቃድ አንድ ፋይል አይነካም!

ነገ በየትምህርት ቤቱ ስንመደብ አዲስ መጽሐፍ፣ አዲስ መመሪያ፣ አዲስ ቅጽ ይመጣልናል። አዲሱን በደስታ እንቀበል። አሮጌውን ከመጣላችን በፊት ግን በላዩ የቆመ ሥራ መኖር አለመኖሩን ጎንበስ ብለን እንይ።