አያት ወደ ሞቃት ባሕር ከመሳፈሯ በፊት

በእኛ ዕድሜ ባሕር ሲባል ምጽዋ ነበር። ደርሶ የመጣ ሰው ሙቀቱንና አሳውን ሲያወራ ይከርማል። ዛሬ በጎንደር ቡና ላይ የሚነሣው ዛንዚባርና ሞምባሳ ሆኗል። ውጭ አገር ያለ ልጅ አገር ቤት መግባቱ ሳይመቸው ሲቀር «እማዬ፣ እኔም ልምጣ፣ አንቺም ነይ፣ መሐል ላይ እንገናኝ» ይላል። ቲኬት ይላካል። አያት ከአዘዞ፣ ከአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥታ አዲስ አበባ ትገባለች። ከዚያ ዛንዚባር የሦስት ሰዓት ያህል በረራ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሞምባሳና ወደ ሲሸልስም ይበራል።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለእንዲህ ያለ ጉዞ የሚነሡ ጎረቤቶች ቤቴ ጎራ ይላሉ። እነሱ ስለ ሻንጣ ክብደት ይጠይቁኛል፤ እኔ ስለ ወባ እጠይቃቸዋለሁ።

ቆላ ተወልዶ ያደገ ሰው ደጋግሞ ሲታመም ሰውነቱ ወባን በመጠኑ መቋቋም ይለምዳል። የዳባትና የደባርቅ ሰው ይህ የለውም። ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ ወርደው የሚመለሱ ወጣቶች እንዴት እንደሚወድቁ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በ1950 እና 51 ዓ.ም. ወባ ከቆላው አልፎ ወደ ከፍታው በወጣ ጊዜ በአገራችን 150 ሺህ ያህል ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። ዛንዚባር ላይ ወባ እጅግ ቀንሷል፣ ግን አልጠፋም። በሞምባሳ ዳርቻ አለ። ሲሸልስ የለም፤ ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ላለበት ቤተሰብ እኔ የምመርጠው እሱን ነው፣ ኪስ ከፈቀደ። (ውድ ነው።) ቀን ቀን በምትነድፍ ትንኝ የሚተላለፈው የደንጊ ትኩሳት ግን ሲሸልስንም አይምርም።

የወባ መከላከያ ክኒን አለ። አንዳንዱ ከጉዞው ሳምንታት አስቀድሞ ይጀመራል፣ ከተመለሱም በኋላ አራት ሳምንት ይዋጣል። ለልጅና ለአዋቂ የሚሰጠው አንድ አይደለም፤ ስለዚህ ከጎረቤት የተረፈ ክኒን አትቀበሉ።

ሌላው ቢጫ ወባ ነው። ስሙ አያሳስታችሁ፤ ከወባ ጋር ዝምድና የለውም፣ ክትባቱም ወባን አይከላከልም። ከኢትዮጵያ የሚነሣ መንገደኛ ግን እነዚህ አገሮች ሲደርስ የክትባት ካርዱን ይጠየቃል። ካርዱ የሚሠራው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከ2016 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጀምሮ አንዴ የተወሰደው ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ከ9 ወር በታች ላለ ሕፃን በተለምዶ አይሰጥም። ዕድሜያቸው 60 ያለፈና ተከትበው የማያውቁ ደግሞ መጀመሪያ ሐኪም ያማክሩ፤ በዚህ ዕድሜ ከበድ ያለ ጉዳት አልፎ አልፎ ይታያል። ዛንዚባር ለሚገባ የውጭ አገር ሰው ከ2024 ጥቅምት ወዲህ የ44 ዶላር የጉዞ መድን ግዴታ መሆኑንም ልጆቹ ይወቁት።

ስኳር ያለባችሁ ኢንሱሊኑን በሚጫነው ሻንጣ አትክተቱ፤ እዚያ ሊቀዘቅዝና ሊበላሽ ይችላል። በእጅ ይያዝ፣ ከደረሳችሁ በኋላ ከፀሐይ ይጠበቅ። ለደም ግፊት የሽንት ክኒን የሚወስዱ አባቶች በዚያ ሙቀት ላብ ሲጨመርበት ማዞር ይመጣባቸዋል፤ ሳይነሡ ሐኪማቸውን ይጠይቁ። በአውሮፕላን ውስጥ እግር አጥፎ ከመተኛት ተነሥቶ መንጎራደድ ይሻላል።

የጎንደር ልጅ ውኃ የሚያውቀው ከጎርጎራ ነው፤ ጣና ደግሞ እንደ ባሕር አይሸሽም፣ አይመለስም። በዛንዚባር ምሥራቃዊ ዳርቻ ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ርቆ ይሄድና ይመለሳል። ልጆች ቀንድ አውጣ ሲለቅሙ ርቀው ይሄዳሉ፣ ውኃው ከኋላቸው ይሞላል። እሾሃም የባሕር እንስሳም እግር ይወጋል፤ ኮንጎ ጫማ ያዙላቸው፣ የሚንቃት የለም።

ሐምሌና ነሐሴ እኛ ዘንድ ሲዘንብ እዚያ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ወቅት ነው፤ ልጆቹም ትምህርት የላቸውም። ፍልሰታ ግን ነሐሴ ላይ ነው። አሳ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባታችሁ እተወዋለሁ፤ ሩዝና ባቄላ በኮኮናት ወተት ሞልቷል። የአገሩ ሰው አብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ የእናቶቻችን ረጅም ቀሚስና ነጠላ ከብዙ ቱሪስት ልብስ ይልቅ ይከበራል።

ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከመጣ «ብርድ መታኝ» ብላችሁ አትተኙ። ወባ ከተነደፉ ሳምንት ቆይቶ፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ይነሣል። የዚያኑ ዕለት ደም ተመርመሩ። ለነርሷም «ባሕር ዳር ሄጄ ነበር» አትበሏት፤ የጣናውን ከተማ ነው የምታስበው። «ዛንዚባር» በሏት፣ የተመለሳችሁበትን ቀንም ንገሯት።

ጋቢውን ደግሞ በእጅ ያዙት፤ አውሮፕላኑ ውስጥ ይበርዳል።