የምድር እንስሳ ሌላ ፕላኔት ላይ ይከርማል?

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 11 ቀን 2019 በረሺት የተባለችው የእስራኤል መንኮራኩር ጨረቃ ላይ ለማረፍ ስትወርድ ሞተሯ ጠፋባትና ተከሰከሰች። በውስጧ ሰው አልነበረም፤ እንስሳት ግን ነበሩ። ታርዲግሬድ የሚባሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞሉ ባለ ስምንት እግር ፍጥረታት ደርቀው ተጭነውባታል። ዜናው ሲሰማ ጨረቃ ነዋሪ አገኘች ብለው ያሰቡ አልጠፉም።

በእንግሊዝ የኬንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነገሩን በጥይት ፈተኑት። በቅዝቃዜ የደነዘዙ ታርዲግሬዶችን በናይለን ጥይት ውስጥ አድርገው ወደ አሸዋ ተኮሱ። ፍጥነቱ በሰከንድ 900 ሜትር ገደማ እስኪደርስ ድረስ በሕይወት የወጡ ነበሩ፤ ከዚያ ሲያልፍ ግን የተገኘው ቁርጥራጫቸው ብቻ ነው።

እነዚህ ፍጥረታት እርጥብ ድንጋይና የዛፍ ግንድ ላይ በሚበቅለው አረንጓዴ ሽፋን ውስጥ ይኖራሉ። ውኃው ሲደርቅባቸው እግራቸውን ሰብስበው ይኮማተራሉ፤ መብላትና መንቀሳቀስ ይቀራል። ውኃ ሲነካቸው ይነቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 በስዊድናዊው ኢንግማር ዮንሶን የሚመራ ቡድን ፎቶን በተባለችው የሩሲያ ሳተላይት ላይ ጭኖ ለ10 ቀናት ጠፈር ላይ አጋለጣቸው። አየር የሌለው ባዶ ቦታ ብዙም አልጎዳቸውም፤ ተመልሰው ውኃ ሲያገኙ ተንቀሳቀሱ፣ እንቁላልም ጣሉ። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሙሉ በሙሉ ያረፈባቸው ግን ከጥቂቶቹ በስተቀር አለቁ።

በጋዜጦች ላይ «የማይሞተው እንስሳ» እየተባለ የሚጻፈው ከዚህ ተነሥቶ ነው። ደርቆ የተኛ ታርዲግሬድ ግን አይበላም፣ አያድግም፣ አይራባም። አልሞተም እንጂ እየኖረም አይደለም። እንስሳ ሌላ ፕላኔት ላይ ኖረ የሚባለው እዚያው በልቶ፣ እዚያው ወልዶ፣ ልጁም በተራው ሲወልድ ነው። ጥያቄው በዚህ መልክ ከተጠየቀ መልሱ በጣም ይከብዳል።

ለጊዜው ብዙ ተስፋ የተጣለው ማርስ ላይ ነው። ቬነስማ 465 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚደርስ ሙቀትና ከምድር 90 እጥፍ የሚበልጥ የአየር ግፊት ስላለባት ለክርክር አትበቃም። የማርስ አየር 95 በመቶው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ አማካይ ሙቀቷ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን የአየሩ መሳሳት ነው። ዋልያና ጭላዳ ከለመዱት የሰሜን ተራሮች ከፍታ እጅግ በላይ፣ በቺሊና በአርጀንቲና ድንበር ባለው የዩላይላኮ እሳተ ገሞራ ጫፍ፣ 6,739 ሜትር ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 አንዲት አይጥ ተይዛለች። ከዚያ ከፍታ በላይ የተያዘ አጥቢ እንስሳ እስከዚያ ጊዜ አልታወቀም ነበር። በዚያ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ከግማሽ ያነሰ ነው። የማርስ ደግሞ አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም።

እንዲህ ያለ ግፊት አካልን ምን እንደሚያደርግ የታወቀው በውሾች ስቃይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ አየር ኃይል ቤተ ሙከራ ውሾች ባዶ ሊባል ለሚችል ዝቅተኛ ግፊት ተዳርገው ነበር። ወዲያው ራሳቸውን ሳቱ፤ በሰውነታቸው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወደ ተን ተለውጦ አካላቸው ተነፋ። እስከ 90 ሰከንድ ባለው ጊዜ አየር የተመለሰላቸው አገገሙ፤ ሁለት ደቂቃና ከዚያ በላይ የቆዩት ግን አብዛኞቹ ሞቱ። ማርስ ላይ ያለ መከላከያ የሚለቀቅ ከብት ወይም ውሻ ዕጣው ከዚህ የተለየ አይሆንም። ያንን ዋጋ የከፈሉ እንስሳት ስላሉ ሙከራውን መድገም አያስፈልግም።

ከመሬት በታችስ? እ.ኤ.አ. በ2011 በደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ማውጫ ውስጥ፣ 1.3 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ፣ በዓለት ስንጥቅ በሚገኝ ሙቅ ውኃ ውስጥ የሚኖር ትል መገኘቱ ተዘገበ። በዓይን የማይታይ ሲሆን ምግቡ ባክቴሪያ ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ጥልቀት የባክቴሪያ ብቻ ይመስል ነበር። ማርስ ከገጿ በታች ፈሳሽ ውኃ ካላት፣ ከሰው እጅ ውጭ ሊከርም የሚችል የምድር እንስሳ ቢኖር የዚህ ዓይነቱ ነው። ይሁን እንጂ ትሉም ቢሆን የሚበላው ባክቴሪያና በውኃው ውስጥ የሟሟ ኦክስጅን ይፈልጋል።

ውኃ መኖሩ ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ አፋር ውስጥ ያለው ዳሎል ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ፍጥረታት አሻራ አገኘሁ ሲል፣ ሌላው ቡድን እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ሙቅ ኩሬዎች ውስጥ ምንም ሕይወት አላገኘሁም አለ። ውዝግቡ ስለ ባክቴሪያ መሰል ነገሮች ነው፤ እንስሳማ እዚያ የሚታሰብም አይደለም። ይህ ሁሉ የሆነው አየርና ዝናብ በሞላባት በገዛ ምድራችን ላይ ነው።

ስለዚህ የሚቀረው በሰው የተሠራ መጠለያ ነው። ፐርሲቪራንስ የተባለችው ተሽከርካሪ ማርስ ላይ ይዛው የሄደችው ሞክሲ የሚባል መሣሪያ ከአካባቢው አየር ኦክስጅን ማውጣት እንደሚቻል አረጋግጧል። እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2023 በ16 ዙር ያመረተው 122 ግራም ነው፤ እንደ ናሳ አገላለጽ አንድ ትንሽ ውሻ በ10 ሰዓት የሚተነፍሰው ያህል። መሣሪያው ለሙከራ የተሠራ አነስተኛ ዕቃ መሆኑ ሳይዘነጋ፣ አንድ በረት ከብት ምን ያህል እንደሚያስፈልገው መገመት ይቻላል።

አየሩ ቢሟላም ስበቱ አለ፤ የማርስ ስበት የምድርን 38 በመቶ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ወደ 2,500 የሚጠጉ ሕፃናት ጄሊፊሾችን ይዛ ወጣች፤ እዚያው ተባዝተው ወደ 60,000 ደረሱ። ጄሊፊሽ ላይና ታቹን የሚለየው በአካሉ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ጠጠሮች ክብደት ነው። ስበት በሌለበት የተወለዱት ወደ ምድር ሲመጡ ብዙዎቹ ሚዛን ጠፍቷቸው በወጉ መዋኘት አቃታቸው። እ.ኤ.አ. በ1990 ሚር በተባለው የሶቪየት ጣቢያ የተፈለፈሉ የድርጭት ጫጩቶች ደግሞ እግራቸው የሚቆምበት ስላጡ እየተንሳፈፉ ምግባቸውን በራሳቸው መልቀም አልቻሉም።

ስለ አጥቢ እንስሳት የሚታወቀው ከዚህም ያነሰ ነው። የጃፓኑ ቴሩሂኮ ዋካያማ ደርቆ የተቀመጠ የአይጥ ዘር ፈሳሽ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ እስከ 5 ዓመት ከ10 ወር አቆይቶ፣ ወደ ምድር መልሶ 168 ጤነኛ ግልገሎች አስወልዶበታል። የጠፈር ጨረር ዘሩን አላበላሸውም ማለት ነው። ነገር ግን ጽንሱም ወሊዱም የተካሄደው ምድር ላይ ነው። ጠፈር ላይ ፀንሶ፣ አርግዞና ወልዶ ያሳደገ አጥቢ እንስሳ እስከ ዛሬ የለም። የጃፓን ተመራማሪዎች አይጦችን በሚሽከረከር ክፍል ውስጥ አስገብተው የጨረቃን ያህል ስበት ሲሰጧቸው የጡንቻቸው መክሳት ቢገታም፣ የጡንቻው ዓይነት መለወጡ አልቀረም።

ከዚህ ሁሉ ሲታይ ቀዳሚ ስደተኛ ለመሆን ከበግና ከዶሮ ይልቅ ዓሣ ይቀርባል። ዓሣ በምድርም ቢሆን የሚኖረው ውኃ ተሸክሞት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በኮሎምቢያ ላይ የተጓዙ አራት ሜዳካ የሚባሉ የጃፓን ትናንሽ ዓሣዎች እዚያው ተራክበው እንቁላል ጥለዋል፤ ከእንቁላሎቹም እዚያው የተፈለፈሉ አሉ። በፈረንሳይ ደግሞ ሉናር ሃች የተባለ ፕሮጀክት የባሕር ዓሣ እንቁላልን በሮኬት መነሻ ወቅት የሚደርሰውን ዓይነት መንቀጥቀጥ እያስነካ፣ ለጨረቃ ጣቢያ ምግብ ይሆን እንደሆነ እየፈተነ ነው። እንቁላሎቹ መንቀጥቀጡን ተቋቁመው ተፈልፍለዋል።