ያውቁ ኖሯል? ቻርጀሩ ተሰክቶ ባትሪው አልሞላ ሲል

እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ካፌው ውስጥ ላፕቶፑን ዘርግቶ የሚሠራ ሰው ማየት ብርቅ አይደለም። መብራት እያለ፣ ቻርጀሩም ተሰክቶ ባትሪው አልሞላ ሲል ታዲያ መጀመሪያ የሚታማው ባትሪው ነው። ሐሜቱ ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቱ ነው።

ያውቁ ኖሯል? አንዳንድ ላፕቶፕ 60 ወይም 80 በመቶ ላይ ሲደርስ መሙላት የሚያቆመው ታዝዞ ነው። የባትሪው ዕድሜ እንዲረዝም ተብሎ የተሠራ ቅንብር ነው፤ ሌኖቮን የመሳሰሉ ማሽኖች አላቸው። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት እሱን ይመልከቱ።

ያውቁ ኖሯል? በክቡ የዴል ቻርጀር ጫፍ መሐል ያለችው ቀጭን መርፌ ኃይል አታስተላልፍም። ሥራዋ ቻርጀሩ ስንት ዋት እንደሆነ ለላፕቶፑ መንገር ነው። ከተጣመመች ወይም ከተሰበረች ማሽኑ ይሠራል፣ ባትሪው ግን አይሞላም። በዚች መርፌ ጦስ ስንት ደህና ባትሪ ተቀይሯል!

ያውቁ ኖሯል? ታይፕ ሲ ገመድ ሁሉ ቀዳዳው ውስጥ ቢገባም አቅሙ አንድ አይደለም። ተራው ገመድ ከ60 ዋት በላይ አያሳልፍም፤ 100 እና 240 ዋት የሚችለው በውስጡ መለያ ቺፕ ያለው ነው። 65 ዋት የለመደ ላፕቶፕ በ15 ዋት የስልክ ቻርጀር ቢሰኩት ወይ እምቢ ይላል፣ ወይ እንደተሰካ ባትሪው ይወርዳል።

ያውቁ ኖሯል? ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ላፕቶፕ ትራንስፎርመር አያሻውም። ቻርጀሩ ላይ «100–240 ቮልት» የሚል ጽሑፍ ካለ የእኛን 220 ቮልት ይችላል። የሚያስፈልገው የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው፤ እሱም ከላላ መሙላቱ ይቆራረጣል።

አሁን ወደ ተራራው። አንዳንድ ቻርጀር ጀርባ ላይ የተራራ ምስልና 2000 ሜትር የሚል ቁጥር አለ፤ የቻይና የደኅንነት ደንብ ያስቀመጠው ምልክት ነው። ከዚያ ከፍታ በታች ይጠቀሙበት ማለት ነው። አየር ሲሳሳ ኤሌክትሪክ በተቀራረቡ ሽቦዎች መካከል በቀላሉ ይዘላል፣ ሙቀትም ቶሎ አይወጣም። አዲስ አበባ 2300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ 3200 አካባቢ። እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። አፕል እንኳ ማክቡክን እስከ 3000 ሜትር እንደፈተሸው ነው የሚጽፈው። ይህ ሁሉ ግን ቻርጀሩ ሽቅብ ሲወጣ ይሞታል ማለት አይደለም። ሲገዙ ጀርባውን ያንብቡ፣ ሲጠቀሙ በጃኬት አይሸፍኑት።

ያውቁ ኖሯል? የሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ወይም ከ45 ዲግሪ በላይ ከሆነ ላፕቶፑ መሙላቱን ሊያቆም ይችላል። የእንጦጦ ብርድ ይህን ያህል አይከፋም፤ የሚያሰጋው ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ ማሽን ነው። ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ይሰኩት።

ያውቁ ኖሯል? መሙላቱን የሚቆጣጠረው ትንሽ ቺፕ ላፕቶፑ ጠፍቶም ነቅቶ ይቆያል፤ አንዳንዴም ግራ ይጋባል። ላፕቶፑን ያጥፉ፣ ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ያውጡ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለግማሽ ደቂቃ ተጭነው ይያዙ፤ ከዚያ መልሰው ይሰኩ።

ባትሪው አብጦ ከሆነ ግን ከላይ ያለውን ሁሉ ይተዉት። የመዳሰሻ ሰሌዳው ከተነሣ ወይም ክዳኑ አልገጥም ካለ ወዲያው ይንቀሉት፣ ዳግም አይሰኩት፣ በምንም ነገር አይውጉት። ወደ ጥገና ባለሙያ ይውሰዱት።