የቴሌቪዥን ኩባንያዎች ግዢና ውህደት፦ ተረቱና እውነታው

ድራማ ሲያልቅ የሚያልፉትን የኩባንያ ስሞች ቆም ብሎ የሚያነብ ተመልካች ጥቂት ነው። ስሞቹ ግን ሥራው የማን እንደነበረና አሁን የማን እንደሆነ ይናገራሉ። በዚህ ጉዳይ ላይ ሲወራ የምንሰማው አብዛኛው ነገር ከእውነታው ይርቃል። አሜሪካ ውስጥ ዴሲሉ ከተባለው የፕሮግራም አምራች ኩባንያ ተነስቶ እስከ ዛሬው ፓራማውንት የደረሰው ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ተረት 1፦ ፕሮግራሙን የሚያስተላልፈው ጣቢያ የፕሮግራሙ ባለቤት ነው።

እውነታው፦ ማስተላለፍ ሌላ፣ ባለቤትነት ሌላ። «አይ ላቭ ሉሲ» የተባለው አስቂኝ ተከታታይ ድራማ በ1951 በሲቢኤስ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሲጀምር፣ አዘጋጁ ባልና ሚስት የሆኑት ተዋንያን ዴሲ አርናዝና ሉሲል ቦል ያቋቋሙት ዴሲሉ ነበር። ጥንዶቹ ድራማው ከኒው ዮርክ በቀጥታ መተላለፉ ቀርቶ ሆሊውድ ውስጥ በፊልም እንዲቀረጽ ፈለጉ። ወጪው ስለሚንር ክፍያቸው እንዲቀነስ ተስማሙ፤ በምትኩ የፊልሞቹ ባለቤት ሆኑ። አንዴ የታየ ፕሮግራም ዳግም ገበያ ይኖረዋል ብሎ የሚያስብ ሰው በዚያ ዘመን እምብዛም አልነበረም። ድጋሚ ስርጭት ሲለመድ ግን የፊልሞቹ ዋጋ ናረ፤ ሲቢኤስ ራሱ በሚሊዮኖች ዶላር ገዛቸው። ዴሲሉም አቅሙ ጎልብቶ በ1957 የአርኬኦን ስቱዲዮዎች ገዛ። አርኬኦ ባልና ሚስቱ ቀድሞ ተቀጥረው የተወኑበት የፊልም ድርጅት ነበር።

ተረት 2፦ ሉሲል ቦል ተዋናይት እንጂ የኩባንያ መሪ አልነበረችም።

እውነታው፦ ከፍቺያቸው በኋላ በ1962 የአርናዝን ድርሻ ገዝታ ዴሲሉን በፕሬዚዳንትነት መርታለች። በ1966 ለእይታ የበቁት «ስታር ትሬክ» እና «ሚሽን ኢምፖሲብል» የተባሉት ተከታታይ ድራማዎች በእርሷ አመራር የተሠሩ ናቸው። በ1967 ዴሲሉን የሸጠችው ከዓመት በፊት የፊልም ስቱዲዮውን ፓራማውንትን ለገዛው ገልፍ ኤንድ ዌስተርን ለተባለ ኩባንያ ነው። የዴሲሉ ስም ጠፋ፤ ድርጅቱም ፓራማውንት ቴሌቪዥን ተባለ። ሥራዎቹ ግን ቀጠሉ።

ተረት 3፦ ምንጊዜም ትልቁ ትንሹን ይውጣል።

እውነታው፦ በ1970 የአሜሪካ የብሮድካስት ተቆጣጣሪ፣ ትልልቆቹ ጣቢያዎች የሚያስተላልፏቸውን ፕሮግራሞች ለድጋሚ ስርጭት በመሸጥ እንዳይጠቀሙ የሚከለክል ደንብ አወጣ። በዚህ ምክንያት ሲቢኤስ የፕሮግራም ሽያጭ ክፍሉን ነጥሎ ቪያኮም የሚባል ራሱን የቻለ ኩባንያ አደረገው። ቪያኮም አደገና በ1994 ፓራማውንትን ገዛ። በ2000 ደግሞ የወለደውን ሲቢኤስን ጠቀለለ። ክልከላው በ1990ዎቹ አጋማሽ መነሳቱ አምራችና አሰራጭ በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲሰባሰቡ በሩን ከፍቶ ነበር።

ተረት 4፦ ውህደት የመጨረሻ ነው፤ ንብረቱም ሳይከፋፈል ይኖራል።

እውነታው፦ ቪያኮምና ሲቢኤስ በ2006 ሲለያዩ «ስታር ትሬክ» ለሁለት ተከፈለ፤ የቴሌቪዥኑ ወደ ሲቢኤስ ሄደ፣ የሲኒማው ከፓራማውንት ጋር ቀረ። ሁለቱ ኩባንያዎች በ2019 እንደገና ተዋሃዱ፤ በ2025 ደግሞ ስካይዳንስ ከተባለ የፊልምና የቴሌቪዥን አምራች ኩባንያ ጋር ተቀላቅለው በፓራማውንት ስም ቀጠሉ።

ይህን ሁሉ ግዢና ውህደት ያስኬደው መብት ነው። ስቱዲዮ ይሸጣል፣ ስም ይቀየራል፣ ሠራተኛ ይበተናል፤ ገዢ የሚሽቀዳደመው ግን ደግሞ ደጋግሞ ሊሸጥ ለሚችል ሥራ ነው። ስለዚህ የውህደት ዜና ስንሰማ ከዋጋው በፊት ልንጠይቅ የሚገባን «የየትኛው ሥራ መብት ወደ ማን ሄደ?» ብለን ነው። ድራማ ጽፎ ወይም ሠርቶ ለጣቢያ የሚያቀርብ ባለሙያም ውሉን ከመፈረሙ በፊት ከመጀመሪያው ስርጭት በኋላ መብቱ የማን እንደሚሆን የሚናገረውን አንቀጽ ፈልጎ ያንብብ። አርናዝና ቦል የዛሬውን ክፍያ ቀንሰው የነገውን መብት የያዙት ውሉ ሲፈረም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቢጠይቁ የሚሰማቸው ባልኖረ።