የተለካና የተነገረ

በመስክ ደብተሬ ገጽ መሃል ላይ አንድ መስመር አሰምራለሁ። በስተግራ የለካሁት ይሰፍራል፤ ማዕዘን፣ ርቀት፣ ከፍታ፣ ኮኦርዲኔት። በስተቀኝ የተነገረኝ ይጻፋል፤ የጅረቱ ስም፣ መንገዱ በክረምት ያስኬድ እንደሆነ፣ ከጉብታው ጀርባ ምን እንዳለ፣ ይህንንም የነገረኝ ማን እንደሆነ። ቅየሳ ያስተማሩኝ ሰዎች ሁለቱን መቀላቀል እንደ ነውር ይቆጥሩት ነበር። የድሮ የአፍሪካ ካርታዎችን ማገላበጥ ልማድ ከሆነብኝ ወዲህ፣ ካርታ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የምፈልገው ያንን መስመር ነው። የትኛው ተለካ? የትኛው ተወራ? ከማን ተሰማ? (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መስመሩ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን የኮንግ ተራሮችን ያህል የሚያሳይ የለም። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ሙንጎ ፓርክ ከ1795 እስከ 1797 በምዕራብ አፍሪካ ሲጓዝ በስተደቡብ በርቀት ተራሮች አየ፤ ስለ ኮንግ አገርም ሰማ። የጉዞ መጽሐፉ በ1799 ሲታተም ካርታውን ያዘጋጀለት ጄምስ ሬኔል ነበር። ሬኔል ተራ ሰው አልነበረም፤ ቤንጋልን የቀየሰ፣ በሙያው የተከበረ ባለሙያ ነው። ችግሩ የኒጀር ወንዝ ወደ ምሥራቅ ፈስሶ አህጉሩ ውስጥ ይቀራል የሚል የራሱ እምነት የነበረው መሆኑ ነው። ወንዙ ወደ ደቡብ ወደ ባሕር እንዳይወርድ የሚያግደው ነገር ያስፈልጋል። እናም ፓርክ በሩቁ ያያቸውን ጥቂት ከፍታዎች ይዞ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ረጅም ሰንሰለት አድርጎ ዘረጋቸው። ሌሎች ካርታ ሠሪዎች ተቀብለው ገለበጡ። አንዳንዶቹም ሰንሰለቱን አስረዝመው፣ የእስክንድርያው በጥሊሞስ በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የናይል መነሻ ናቸው ካላቸው የጨረቃ ተራሮች ጋር አገናኙት። አህጉሩን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ግንብ ተሠራ ማለት ነው።

ፈረንሳዊው መኮንን ሉዊ ጉስታቭ ቢንዤ ከ1887 እስከ 1889 በአካባቢው ተጉዞ፣ ዛሬ በሰሜን ኮትዲቯር የምትገኘውን የኮንግን ከተማ አየ። ሰንሰለቱ የለም። እዚህም እዚያም ጉብታ አለ እንጂ። ይህን ፓሪስ ላይ ተናግሮ ጉዳዩ ያለቀ ቢመስልም፣ ተራሮቹ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ከገባ በኋላ እንኳ በአንዳንድ አትላሶች ላይ አልጠፉም። በሬኔል ካርታ እኔን የሚያስቆጨኝ ግምቱ አይደለም፤ ሳይገምት ካርታ የሠራ ሰው አላውቅም። ፓርክ በዓይኑ ያያቸውና ሬኔል ከጠረጴዛው ያበቀላቸው ተራሮች በአንድ ብዕር፣ በአንድ ቀለም፣ በአንድ ውፍረት መሳላቸው ነው።

ከዚያ በፊት በ1749 ሌላ ፈረንሳዊ፣ ዣን ባፕቲስት ዳንቪል፣ የተለየ መንገድ ሞክሮ ነበር። ከፓሪስ ወጣ ብሎ የማያውቅ፣ ሰነድ ከሰነድ እያመሳከረ የሚሠራ ሰው ነው። ማስረጃ ያላገኘለትን ተራራ፣ ሐይቅና መንግሥት ከአፍሪካ ካርታው ላይ አንሥቶ ቦታውን ነጭ ተወው። በሙያ ዓይን ይህ ድፍረት ነው፤ ደንበኛ ባዶ ቦታ አይወድም፣ ዛሬም አይወድም። ይሁን እንጂ የዳንቪል ነጭ ቦታ «የማምነው ሰው አልነገረኝም» ለማለት የተተወ ሲሆን፣ ከእሱ በኋላ የመጡት «ማንም የለበትም» ብለው አነበቡት። ፔድሮ ዡዋው ባፕቲስታና አማሮ ዦዜ የሚባሉ ሁለት አፍሪካውያን የንግድ ወኪሎች በ1802 ከአንጎላ ተነሥተው፣ በካዜምቤ ንጉሥ ግዛት ለዓመታት ተይዘው ቆይተው፣ በ1811 ዛሬ ሞዛምቢክ ውስጥ የምትገኘው ቴቴ ደርሰዋል። ከዚያም በመጡበት ተመልሰዋል። አውሮፓዊው ተጓዥ ሊቪንግስተን ከሉዋንዳ እስከ ኬሊማኔ ተጉዞ አህጉሩን በማቋረጥ ስሙ የገነነው ከ1854 እስከ 1856 ባደረገው ጉዞ ነው። ሁለቱ ወኪሎች የተጓዙት በነጩ ቦታ መካከል ነበር፤ በየመንደሩ እየተቀለቡ፣ እየተደራደሩ፣ ግብር እየከፈሉ።

ከእነዚህ ሁሉ የምወደው ግን ምንም ሳይለካ የሠራውን ነው። ፍራ ማውሮ በቬኒስና በሙራኖ መካከል ባለችው ደሴት የሳን ሚኬሌ ገዳም መነኩሴ ነበር። በ1450 አካባቢ የሠራው ክብ የዓለም ካርታ ስፋቱ ወደ ሁለት ሜትር ይጠጋል፤ ደቡብ ከላይ ነው። ዛሬ በቬኒስ የማርቺያና ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በዚያ ዘመን ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በኢየሩሳሌም ነበሩ፤ በ1441 ከዚያው ማኅበር የተላኩት ፍሎሬንስ ድረስ ለጉባኤ መጥተዋል። ፍራ ማውሮ የአገሩ ተወላጆች የሆኑ ካህናት አውራጃውን፣ ከተማውን፣ ወንዙንና ተራራውን ከነስሙ በገዛ እጃቸው እንደ ሣሉለት እዚያው ካርታው ላይ ጽፏል። ምንጩን ከነማንነቱ መዝግቧል ማለት ነው። የእኔ የቀኝ ዓምድ ይኸው ነው፤ ብዙ የዘመኑ ሪፖርት ይህን ያህል ግልጽ አይደለም።

ካርታውን ከላይ ወደ ታች ገልብጦ ለሚያይ ኢትዮጵያዊ አባይ አለ፣ አዋሽ አለ፣ ሸዋና አማራ አለ። ስሞቹ በእርግጥ የአገሬው ሰው ስሞች ናቸው። ቦታቸው ግን ሌላ ነው። ፍራ ማውሮ አንድ ትልቅ አህጉር ለመሙላት በእጁ የነበረው የኢትዮጵያ ስም ስለ ነበር፣ ስሞቹን ወደ ደቡብ እጅግ ዘርግቶ አሰፈራቸው። መነኮሳቱ ዋሽተው አይደለም። ሰው መንገዱን የሚያውቀው በቀን ጉዞ ነው፤ ቀኑ ደግሞ በቆላና በደጋ፣ በበጋና በክረምት፣ በጭነትና ያለ ጭነት ይለያያል። እኛም ዛሬ ገጠር ወርደን ርቀት ስንጠይቅ የምናገኘው መልስ በአገጭ ተጠቁሞ «እዚያ» ነው፤ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ድምፁ ይረዝማል፣ ይቀጥናል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የ«እዚያ»ን ርዝመት በኪሎ ሜትር የሚመነዝር ሠንጠረዥ አውጥቻለሁ እያለ ይቀልዳል። የቅደም ተከተሉን ነገር ግን የአገሬው ሰው አይሳሳትም። የትኛው ወንዝ ከየትኛው በፊት እንደሚሻገሩት፣ የትኛው ገበያ ከየትኛው ተራራ ወዲህ እንደሆነ የሚሉትን ሁሌም እንዳለ እጽፋለሁ።

የተዘረጋችው ኢትዮጵያ በአውሮፓ ካርታ ላይ ለረጅም ዘመን ቆየች። ካርታ ሠሪው አብርሃም ኦርቴሊየስ በ1573 ባሳተመው፣ አውሮፓውያን «ቄሱ ዮሐንስ» ይሉት በነበረው የኢትዮጵያ ንጉሥ ግዛት ካርታ አገሪቱ ከምድር ወገብ አልፋ እስከ ጨረቃ ተራሮች ትወርዳለች። ወደ ልኳ የመለሳት አስትሮላብ ነው። ከ1624 እስከ 1633 ኢትዮጵያ ውስጥ የነበረው ኢየሱሳዊው ማኖኤል ደ አልሜይዳ የፀሐይን ከፍታ እየለካ ኬክሮስ አወጣ፤ ካርታው በ1660 ታተመ። ምሥራቅና ምዕራቡ ያኔም ደካማ ነው፤ ለኬንትሮስ አስተማማኝ ሰዓት ያስፈልጋል፣ ገና አልተሠራም። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ የኢየሱሳውያኑን ልኬት አንሥቶ፣ በ1649 ሮም ላይ ካገኛቸውና በ1652 ጎታ ድረስ ከመጡት ከአባ ጎርጎርዮስ የሰማውን ጨምሮ የራሱን ካርታ በ1683 አወጣ። አባ ጎርጎርዮስ የአማራ ሰው ናቸው፤ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 መርከባቸው ሰጥሞ ስለ ሞቱ ካርታውን አላዩትም። እኔ እስከማውቀው ግራና ቀኙ ዓምድ ስለ አገራችን በአንድ ጠረጴዛ ላይ በወጉ የተገናኙት በዚህ ሥራ ነው። ውጤቱ አገሪቱን ማሳነስ ሆነ፤ ትክክሉም እሱ ነበር።

ልኬት ብቻውን ደግሞ ዋስትና አይደለም። አንቷን ዳባዲ ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በ1838 ምጽዋ ደርሶ አሥር ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ሲቀይስ ኖረ። ቴዎዶላይቱን በየተራራው ራስ ተክሎ ዙሪያውን የሚታየውን ጫፍ ሁሉ ያነጣጥራል፤ የእያንዳንዱን ስም አጠገቡ ካለው ሰው ይጠይቃል። በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያሳተመው ይኸው ሰው ነው፣ ስም አያበላሽም። የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ ሥራውን ላገላበጠ ቀያሽ የሰውዬው ትዕግሥት ያስቀናል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን በጥር 1846 የነጭ ናይልን ምንጭ አገኘሁ ብሎ ከማወጅ አላዳነውም። ያገኘው የጊቤን ምንጭ ነበር። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ቢከራከረውም አልተቀበለም። የቆመበትን ነጥብ አሳምሮ ለክቷል፤ ውኃው ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ ግን አልተከተለም፤ የናይልን ምንጭ ማግኘት ፈልጎ ነበርና። ጊቤ ወደ ኦሞ ይገባል፤ ኦሞም ወደ ቱርካና ሐይቅ። አውሮፓውያኑ ተጓዦች ቴሌኪና ፎን ሆኔል ሐይቁ ዘንድ የደረሱት በ1888 ነው። የኦሞን አወራረድ ጣሊያናዊው ቦቴጎ እስኪያረጋግጥ 1896 ደረሰ። በወንዙ አፍ የሚኖረው የዳሰነች ሰው ግን ከብቱን የሚያጠጣው እዚያው ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ሳይጠየቅ የተሠመረ ድንበር ነው። በግንቦት 1902 አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ስምምነት የኢትዮጵያና የሱዳን ድንበር በሁለቱም ወገን ኮሚሽነሮች መሬት ላይ ምልክት እንዲደረግበት ተባለ። በ1903 ምልክቱን የተከለው ግን እንግሊዛዊው መኮንን ቻርልስ ግዊን ብቻውን ነው፤ የኢትዮጵያ ኮሚሽነር አልነበረም። ግዊን ጎበዝ ቀያሽ ነበር፤ ክርክሩ ግን እስከ ዛሬ አልቆመም።

ይህ ታሪክ በእኛ የቀበሌ ሥራ ላይ በትንሹ በየጊዜው ይደገማል። ለገጠር የይዞታ ማረጋገጫ ስንወጣ ከአየር ተነሥቶ የታረመውን ፎቶ አትመን እንይዛለን፤ ባለይዞታውና አዋሳኞቹ ማሳው ላይ ይቆማሉ፣ የቀበሌው ኮሚቴ ይመሰክራል፣ ወሰኑ ፎቶው ላይ ይሠመራል። ዛፍ የሸፈነው ቦታ ሲገጥም መሣሪያ ይወጣል። አንድ ጊዜ አንድ ወጣት ባለሙያ መቀበያውን የወሰን ድንጋይ ላይ አቁሞ በሁለት ሳንቲ ሜትር ትክክለኛነት አነሣው። ዳር ቆመው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ይህ ድንጋይ ከመቼ ጀምሮ እዚህ እንዳለ ጠይቀሃል?»

«ኧረ አልጠየቅኩም አባባ።»

«ጎርፍ ወስዶት መልሰን ያቆምነው እኛ ነን። ድሮ ከዚያ ዋንዛ ሥር ነበር። ይኸው እሱም አለ፣ ጠይቀው።»

«እሱ» የተባለው አዋሳኝ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ሁለት ሳንቲ ሜትራችን ትክክል ነበር፤ የተለካው ድንጋይ ነው እንጂ ወሰኑ አልነበረም።

አሁን አሁን የሚያታክተኝ ሌላ ነው። ሰዎች ኮኦርዲኔት ይዘው ይመጣሉ፤ ከየት እንደተነሣ አይናገሩም። የአገራችን የቆዩት የአንድ ለሃምሳ ሺህ ካርታዎች ልኬታቸው የተነሣው ከአዲንዳን ነው። አዲንዳን በግብፅና በሱዳን ድንበር አጠገብ፣ በአባይ ዳር የነበረ የኑቢያ መንደር ነው፤ አካባቢው የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሲሠራ በናስር ሐይቅ ተውጧል። ዴቪድ ጊል በ1879 ያሰበው፣ አህጉሩን ከደቡብ አፍሪካ እስከ ካይሮ በ30ኛው ኬንትሮስ የሚያቋርጠው የሦስት ማዕዘን ልኬት ሰንሰለት በዚያ ያልፋል፤ የተጠናቀቀው በ1954 ነው። ከ1957 እስከ 1961 የአሜሪካ ቀያሾች የአባይን ተፋሰስ ሲቀይሱ ልኬታችን ከዚያ ጋር ተያያዘ። የዛሬው ጂፒኤስ ደግሞ በሌላ መነሻ ይሠራል። አዲስ አበባ አካባቢ የሁለቱ ልዩነት በካርታው መረብ ላይ ወደ ምሥራቅ 90 ሜትር አካባቢ፣ ወደ ሰሜን ከ200 ሜትር በላይ ነው። ከአንድ ግቢ ሌላ ሰፈር ያደርሳል።

መነሻው የት እንደሆነ፣ የአየር ፎቶው በየትኛው ዓመት እንደተነሣ፣ መስክ ወርዶ ያረጋገጠው ማን እንደሆነ ሁሉም ካርታው ኅዳግ ላይ ታትሟል። ሰው ካርታ ስካን ሲያደርግ ኅዳጉን ይቆርጠዋል፤ ፋይሉ እንዲያንስ፣ ወይም እንዲያምር። አዲስ ለሚገቡ ልጆች ሙሉውን ወረቀት ካልሆነ አትቀበሉ እላለሁ። ይስማማሉ። ማክሰኞ የሚመጣልኝ ፋይል ያው ኅዳጉ የለውም፤ ስልክ አንሥቼ ዋናው የት እንዳለ እጠይቃለሁ።